ምዕራፍ 7፦ የትል አካሄድ

ወስፋት በሰው ትንሹ አንጀት ውስጥ የሚኖረው ያለማቋረጥ እየተላወሰ ነው። እንደ መንጠቆ ትል የአንጀትን ግድግዳ ነክሶ አይዝም፤ እንደ ኮሶ ትልም በራሱ ተጣብቆ አይቀመጥም። አንጀት ደግሞ ሥራው መግፋት ነው። የደረሰበትን ሁሉ፣ ቆጮ ይሁን ድንች፣ ቀን ከሌት ወደ ታች ያወርዳል። ወስፋቱ ቦታውን ላለመልቀቅ ሰውነቱን እያጠፈና እየዘረጋ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ፣ ከግፊቱ በተቃራኒ ሽቅብ መጓዝ አለበት። ጡንቻው ለጥቂት ሰዓታት ከዛለ ተጠርጎ ይወጣል። ሴቷ ከ20 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ በቀን 200,000 ያህል እንቁላል ትጥላለች። መላወስ ካቃታት ግን ያ ሁሉ እንቁላል የለም።

ስለዚህ ትልን ከልጅ አንጀት ማስወጣት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ትል እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ነው። መልሱ የተገኘው በአብዛኛው አካሄዳቸው ከተበላሸ ትሎች ነው። በዘር የሚተላለፈው መመሪያ ላይ አንዲት ቦታ ስትለወጥ፣ ማለትም ሚውቴሽን ሲፈጠር፣ ትሉ ይሽመደመዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠመዘዛል፣ ወይም ወደ ኋላ መሄድ ያቅተዋል። እያንዳንዱ ጉድለት በጤነኛው ትል ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር ይናገራል።

ነገሩ በጋሞ ደጋ ካለችው ከጨንቻ ሩቅ ሊመስል ይችላል። አይደለም። ከአርባ ምንጭ ተነስቶ ወደ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ የሚወጣ ሰው የአባያንና የጫሞን ሐይቆች ከኋላው እየተወ፣ ከሙዝና ከማንጎ አገር ወደ እንሰት፣ ገብስ፣ ድንችና አፕል አገር ይገባል። እንሰቱ የሚተከለው በቤት ዙሪያ ነው። ፍጉና የቤት ጥራጊው ሥሩ ይደፋል፤ ሰፊው ቅጠል አፈሩን ከፀሐይ ይጋርደዋል። ለእንሰት የተመቸው ይህ እርጥብና ጥላማ መሬት ለወስፋት እንቁላልም ይመቸዋል። ፀሐይ በሚያነደው ደረቅ አፈር ላይ ፈጥኖ የሚሞተው እንቁላል፣ በቀዝቃዛና እርጥብ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። በእጅ፣ በጥሬ አትክልት ወይም በውኃ ወደ ልጅ አፍ ሲገባ አንጀት ውስጥ ይፈለፈላል። እጩ ትሉ ግድግዳውን ሰርስሮ በደም ወደ ጉበት፣ ከጉበት ወደ ሳንባ ይሄዳል። ከሳንባ በአየር ቧንቧ ወደ ጉሮሮ ይወጣና ተውጦ እንደገና ወደ አንጀት ይመለሳል። ከሁለት እስከ ሦስት ወር በኋላ የራሱን እንቁላል ይጥላል።

በ2014 እ.ኤ.አ. የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጨንቻ ከተማ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመዋል። ሰገራቸው ከተመረመረው 400 ልጆች 324ቱ፣ ማለትም 81 በመቶዎቹ፣ ቢያንስ አንድ ዓይነት የአንጀት ጥገኛ ተገኝቶባቸዋል፤ ከእነዚህም ከአፈር የሚተላለፉት ትሎች ዋናውን ድርሻ ይይዙ ነበር። ከአምስት ልጆች አራቱ ማለት ነው። ይህን ቁጥር አንብቦ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ትል ያለበት ልጅ ሁልጊዜ አይታመምም፤ የበዛበት ልጅ ግን ምግቡን ይጋራዋል፣ ዕድገቱ ይጓተታል፣ ከባድ ሲሆንም አንጀቱ ሊዘጋ ይችላል።

ጥናቱ በታተመ በዓመቱ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ በትምህርት ቤቶች በኩል የትል መድኃኒት የሚታደልበትን ብሔራዊ መርሐ ግብር ጀመረች። ለተማሪ የሚሰጠው 400 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል ወይም 500 ሚሊ ግራም ሜቤንዳዞል ነው፤ አንድ ኪኒን፣ አንድ ጊዜ። ያቺ ኪኒን አንጀት ውስጥ ገብታ ትሉን ምን እንደምታደርገው የታወቀው ሰው ሊበክል ከማይችል፣ ዓይን በጭንቅ ከሚያየው ሌላ ትል ነው።

ከበሰበሰ ፍሬ ወደ ቤተ ሙከራ

ወስፋትን በቤተ ሙከራ ማርባት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሆድ ይፈልጋል፣ ወራት ይፈልጋል፣ ወንድና ሴት ይፈልጋል። ስለዚህ ሳይንቲስቶች ወደ ትንሿ ዘመዱ ዞሩ። ስሟ ሲኖራብዲቲስ ኤለጋንስ ነው፤ ባጭሩ ሲ. ኤለጋንስ ይሏታል። ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ገላዋ ብርሃን ያሳልፋል። የምትኖረው በሚበሰብስ ፍሬና ግንድ ላይ ባክቴሪያ እየበላች ነው። አውሮፓ ውስጥ ተመራማሪዎች በብዛት ያገኟት ከአፕል ዛፍ ሥር ወድቆ በሚበሰብስ ፍሬ ላይ ነው። የጨንቻ አፕል አምራች እንዲህ ያለውን ፍሬ በየክረምቱ ያየዋል።

ይህችን ትል ለዓለም ሳይንስ ያበቃት ሲድኒ ብሬነር ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ጀርሚስተን የተወለደ፣ አባቱ ማንበብና መጻፍ የማይችል ስደተኛ ጫማ ሰሪ የነበረ ሰው ነው። እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ ሲሠራ፣ ጂን ባሕርይን እንዴት እንደሚገነባ ለማወቅ የነርቭ ሴሎቿ የሚቆጠሩ እንስሳ መፈለግ ጀመረ። ሲ. ኤለጋንስ ተቆጠረች፤ ከመራቢያ ሴሎቿ በቀር በሙሉ ሰውነቷ 959 ሴል፣ ከእነዚህም 302 የነርቭ ሴሎች ነበሯት። አካሏን የሚያንቀሳቅሱት የጡንቻ ሴሎች 95 ናቸው። ጆን ዋይትና ባልደረቦቹ ትሏን በእጅግ ስስ ቅጠሎች ከትፈው፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እያነሱ፣ የትኛው ነርቭ ከየትኛው እንደሚገናኝ የሚያሳየውን ሙሉ ካርታ በ1986 አሳተሙ። የማንም እንስሳ የነርቭ ሥርዓት ከዚያ በፊት እንዲህ ተሟልቶ አልተሳለም።

ብሬነር ትሎቹን ኢኤምኤስ በሚባል፣ በዲኤንኤ ላይ ለውጥ በሚፈጥር ኬሚካል ነከራቸው። ከዚያም የልጅ ልጆቻቸውን እያየ ከሌሎቹ የተለየ አካሄድ ያላቸውን ለቀመ። በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ 300 ያህል ሚውቴሽን ያላቸውን ትሎች፣ 100 ያህል ጂኖችንም ዘረዘረ። ከጂኖቹ 77ቱ እንቅስቃሴን የሚያዛቡ ነበሩ። ለእነዚህ "አንክ" የሚል ምድብ ሰጥቶ በቁጥር ጠራቸው፤ አንክ-1፣ አንክ-2 እያለ።

ለምን አካሄድን መረጠ? እዚህ ላይ የብሬነር ብልህነት ሙሉ በሙሉ ይታያል። አብዛኛው እንስሳ ሽባ ከሆነ ይራባል፣ ተጓዳኝ አያገኝም፣ ዘር ሳይተካ ይሞታል፤ ጉድለቱም ከእርሱ ጋር ይቀበራል። ሲ. ኤለጋንስ ግን በአብዛኛው ሁለት ጾታ አላት፤ ራሷን በራሷ አስረግዛ 300 ያህል ልጆች ታፈራለች። ምግቧ በቤተ ሙከራው ሳህን ላይ ከአፏ ሥር ተነጥፏል። የምትውጥበት ጉሮሮ የራሱ የተለየ ጡንቻ አለው፤ የአካሏ ጡንቻ ቢሽመደመድ ጉሮሮዋ መሥራቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ፈጽሞ መንቀሳቀስ የማትችል ትል እንኳ ባለችበት ተጋድማ ትበላለች፣ ትወልዳለች፣ በሦስት ቀን ገደማም ልጆቿ አድገው ያንኑ ጉድለት ያሳያሉ። ተፈጥሮ ወዲያው የሚያጠፋውን ጉድለት ሳህኑ ጠብቆ አኖረው። ወስፋት ይህ ዕድል የለውም፤ ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ መድኃኒቱ ስንመለስ ይጠቅመናል።

የተበላሸው የሚናገረው

ጤነኛዋ ትል በጎኗ ተኝታ እንደ ማዕበል እየተጠማዘዘች ትሄዳለች። በጀርባዋ በኩል ያለው ጡንቻ ሲኮማተር የሆዷ ይላላል፤ ቀጥሎ የሆዷ ሲኮማተር የጀርባዋ ይላላል። መኮማተሩን የሚያዝዘው አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ነው፤ ተቃራኒው ወገን እንዲላላ የሚያዝዘው ደግሞ ጋባ። የዶርዜ ሸማኔ በእግሩ አንዱን መርገጫ ረግጦ ሌላውን ሲለቅ ድሩ ይከፈላል፣ መወርወሪያው ያልፋል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ቢረግጥ ግን ድሩ አይከፈትም፣ ሥራው ይቆማል። ጋባን መሥራት ወይም መቀበል ያቃታት ትል ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው። ጤነኛዋን ትል አፍንጫዋ ላይ ሲነኳት ወደ ኋላ ትሸሻለች። አንክ-25 የተበላሸባት ትል ግን ጋባ ስለሌላት ጀርባዋም ሆዷም ባንድነት ይኮማተራል፤ ሸሽታ መሄድ ሲገባት ባለችበት ታጥራ ትቀራለች። ስቲቨን ማኪንታየር፣ ኤሪክ ጆርገንሰንና ሮበርት ሆርቪትስ ይህን በ1993 ባሳተሟቸው ሥራዎች አስረድተዋል። አንክ-47 ጋባን ወደ መልቀቂያው ከረጢት የሚያስገባውን ፕሮቲን ይሠራል፤ አንክ-49 ጡንቻው ላይ ሆኖ ጋባን የሚቀበለውን። ሦስቱ ጂኖች በሦስት የተለያየ ቦታ ይሠራሉ፤ ሲበላሹ ግን የሚያሳዩት አካሄድ አንድ ዓይነት ነው። ከአካሄድ ተነስቶ የአንድን ሰንሰለት ቀለበቶች በሙሉ መቁጠር የተቻለው በዚህ መንገድ ነው።

አንክ-54 ሌላ ዓይነት ታሪክ ይነግራል። ይህ ጂን ማዮሲን የሚባለውን፣ በጡንቻ ውስጥ የሚስበውን ፕሮቲን ይሠራል። ሲጠፋ ነርቮቹ በትክክል ያዝዛሉ፤ ታዛዡ ግን የለም። ትሏ ልፍስፍስ ብላ ትጋደማለች። የአንክ-22 ጉዳይ ግን ተቃራኒ ነው፤ የጡንቻውን ሥራ የሚቆጣጠር ግዙፍ ፕሮቲን ስለሚጎድል ትሏ ያለማቋረጥ ትንቀጠቀጣለች። አንድሩ ፋየርና ክሬግ ሜሎ በ1998 ድርብ አርኤንኤ ወደ ትል ሰውነት በማስገባት አንድን ጂን መርጦ ዝም ማሰኘት እንደሚቻል ያሳዩት በዚሁ በአንክ-22 ላይ ነበር። የተወጉት ትሎች ልጆች መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ ዘዴው መሥራቱ በዓይን ታየ። በ2006 ለሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው፤ ዛሬ በዚያ ዘዴ የተሠሩ መድኃኒቶች ለሰው ይሰጣሉ።

መነካትም አካሄድን ይለውጣል። ማርቲን ቻልፊና ጆን ሰልስተን የቅንድብ ፀጉር በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ለጥፈው ትሎችን በቀስታ ይደባብሱ ነበር። ጤነኛዋ ራሷ አጠገብ ስትነካ ወደ ኋላ፣ ጅራቷ አጠገብ ስትነካ ወደ ፊት ትሮጣለች። ምንም ያልመሰላቸው ትሎች ግን ተገኙ። መሄድ ይችላሉ፤ ጠንከር ተደርገው ሲወጉም ይሸሻሉ፤ ቀላል ንክኪ ብቻ አይሰማቸውም። ጉድለቱ ቀላል ንክኪን በሚሰሙ ስድስት የነርቭ ሴሎች ላይ ሆኖ ተገኘ፤ "ሜክ" የሚባሉት ጂኖችም በዚሁ ታወቁ። ከእነዚህ አንዱ፣ ሜክ-7፣ ቱቡሊን የሚባል ፕሮቲን ይሠራል። ቱቡሊን ለሴል እንደ ወራጅ የሚያገለግሉ ጥቃቅን ቱቦዎች የሚገነቡበት ነው። ቆይተን እንደምናየው የአልቤንዳዞል ምስጢርም ያለው እዚያው የቱቡሊን ቤተሰብ ውስጥ ነው።

እስካሁን ያነሳኋቸው ሁሉ ከባድ ጉድለቶች ናቸው። ጂን ግን ትልን ሳያሽመደምድ ምርጫዋን ብቻ ሊለውጥ ይችላል። በዓለም ቤተ ሙከራዎች የምትረባው ዋና ዝርያ የመጣችው ከእንግሊዝ ብሪስቶል ነው። ምግብ ላይ ስትለቀቅ ለብቻዋ ተበትና ትበላለች። ከሃዋይ የተወሰደችው ዝርያ ግን ፈጥና እየሄደች ከሌሎች ጋር ትከማቻለች። ማሪዮ ደ ቦኖና ኮርኔሊያ ባርግማን በ1998 እንዳሳዩት የልዩነቱ ዋና ምንጭ ኤንፒአር-1 የሚባል ጂን ነው፤ በሚሠራው ፕሮቲን ውስጥ በ215ኛው ቦታ ላይ አንድ አሚኖ አሲድ ተለውጧል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ታወቀ። ለብቻዋ የመብላት ጠባይ የመጣው በሳህን ላይ በኖረችባቸው ዓመታት ነው፤ የዱሮው ጠባይ መከማቸቱ ነበር። ለአዲሱ ኑሮ የሚመች ሚውቴሽን ተፈጥሮ ሌላውን ሁሉ ተክቶ ቀረ፤ ሰዎች ለረጅም ጊዜ የትሏ ተፈጥሮ አድርገው ያጠኑት እርሱን ነበር። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ፣ ማንም ሳያስበው፣ አዲስ አካባቢ አዲስ ጂን መረጠ። መድኃኒት የሚሰጠው የልጅ አንጀትም ለትል አዲስ አካባቢ ነው።

ኪኒኗ

ሲ. ኤለጋንስና ወስፋት በመጠን እጅግ ይራራቃሉ፤ በአሠራር ግን የቅርብ ዘመዶች ናቸው። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ አንቶኒ ስትሬተን ከቄራ በሚያገኘው የአሳማ ወስፋት ላይ ለዓመታት ሠርቷል። የወስፋት ነርቮች ትላልቅ ስለሆኑ የኤሌክትሪክ መለኪያ መርፌ ሊገባባቸው ይችላል፤ በትንሿ ትል ላይ ይህ እጅግ ያስቸግራል። የወስፋት ነርቮችም ቁጥራቸው 300 ገደማ ነው፤ ጡንቻን የሚያዝዙት ደግሞ ከሲ. ኤለጋንስ ጋር ዓይነት በዓይነት ይመሳሰላሉ። አንዷ ጂኖቿን ሰጠች፣ ሌላው የኤሌክትሪክ ምልክቱን፤ ሁለቱ ተደምረው የትል መድኃኒቶችን አሠራር ገለጡ።

ቀድሞ በስፋት ይሰጥ የነበረው ፒፔራዚን ጋባን መስሎ የወስፋትን ጡንቻ ያላላል። ትሉ አይሞትም፤ ይዝላል። አንጀትም የቀረውን ይሠራል። ሌቫሚዞል በተቃራኒው አሴቲልኮሊንን መስሎ ጡንቻውን እስኪደርቅ ያኮማትረዋል። ሌቫሚዞል ያለበት ሳህን ላይ ሳይሽመደመዱ የቀሩ ሲ. ኤለጋንሶች ሲመረመሩ አሴቲልኮሊንን የሚቀበለው ፕሮቲን የተበላሸባቸው ሆነው ተገኙ። ከጂኖቹ ብዙዎቹ ብሬነር አስቀድሞ በአካሄዳቸው የመዘገባቸው ነበሩ፤ አንክ-29፣ አንክ-38፣ አንክ-63። ከመድኃኒቱ ያመለጡት በአካሄዳቸው ዋጋ ከፍለው ነው። በሳህን ላይ ይህ ዋጋ ቀላል ነው። ከአንጀት ግፊት ጋር ለሚታገል ወስፋት ግን በደንብ አለመሄድ ራሱ መውጣት ነው። ዋጋው ሁልጊዜ ውድ ነው ማለት ግን አይደለም። ከእነዚህ ጂኖች አንዳንዶቹ ሲበላሹ ትሏ ከሞላ ጎደል በደህና ትሄዳለች፤ መድኃኒቱንም በከፊል ትቋቋማለች። በበጎች ላይም ሌቫሚዞልን የሚቋቋሙ ትሎች ተፈጥረዋል።

አልቤንዳዞልና ሜቤንዳዞል የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው። ቱቡሊን ላይ ተጣብቀው ቱቦዎቹ እንዳይገነቡ ይከለክላሉ። ወስፋቱ ስኳር መውሰድ ያቅተዋል፣ ቀስ በቀስ ኃይሉ ያልቃል፣ በቀናት ውስጥ መላወሱ ይቆማል። ሞኒካ ድሪስኮልና የቻልፊ ቤተ ሙከራ ባልደረቦቿ በ1989 እንዳሳተሙት፣ ሲ. ኤለጋንስ ከዚሁ የመድኃኒት ቤተሰብ ጋር ስታድግ አካሄዷ ይዛባል፤ ቤን-1 የሚባለው ጂን የጠፋባት ግን በመድኃኒቱ መሐል እንደ ጤነኛ ትሄዳለች። ቤን-1 ቱቡሊን ከሚሠሩ ጂኖች አንዱ ነው። ሌሎቹ ሥራውን ስለሚሸፍኑለት መጥፋቱ አይታወቅም፤ መድኃኒት በሌለበት ሳህን ላይ ትሏን ከእህቶቿ መለየት አይቻልም። ይህ ግኝት በእኔ አስተያየት በዚህ ምዕራፍ ካነሳኋቸው ሁሉ ለጨንቻ እጅግ የሚቀርብ ነው። ሌቫሚዞልን መቋቋም ብዙውን ጊዜ አካሄድን ያስከፍላል፤ አልቤንዳዞልን መቋቋም በሲ. ኤለጋንስ ላይ የሚታይ ዋጋ የለውም። በኋላም ከልዩ ልዩ አገሮች በተሰበሰቡ የዱር ሲ. ኤለጋንሶች ውስጥ፣ ማንም መድኃኒት ሳይሰጣቸው፣ በቤን-1 ላይ ብዙ የተለያዩ ለውጦች ተገኝተዋል።

በበጎች ላይ የደረሰው ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። ሄሞንከስ የሚባለው ደም መጣጭ የጨጓራ ትል በብዙ አገሮች ይህን የመድኃኒት ቤተሰብ መቋቋም ችሏል። በቱቡሊኑ በ200ኛው ቦታ ፌኒልአላኒን የነበረው ታይሮሲን ሆኗል፤ አንዳንዴም ለውጡ በ167ኛው ወይም በ198ኛው ቦታ ላይ ነው። የ200ኛው ለውጥ መድኃኒት ለመቋቋም በቂ መሆኑ የተረጋገጠው፣ የሄሞንከስን ጂን ወደ ሲ. ኤለጋንስ አስገብቶ በማየት ነው። የሰው ትል ሕይወት ግን ከበግ ትል ይለያል። በብዙ የበግ እርባታዎች መንጋው በሙሉ በአንድ ቀን መድኃኒት ይወስዳል። በጋሞ ደጋ መድኃኒቱ በብዛት የሚደርሰው ተማሪን ነው፤ በአዋቂዎች አንጀትና በእንሰት ሥር አፈር ውስጥ መድኃኒት ያልነካቸው ትሎችና እንቁላሎች ይቀራሉ። እነዚህ ከሚቋቋሙት ጋር እየተዳቀሉ ለውጡን ያሳሱታል። በአጎራባቹ ወላይታ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የተሳተፈበት ገሽያሮ የተባለው ፕሮጀክት ከተማሪ አልፎ መላውን ማኅበረሰብ እያከመ፣ ከንጹሕ ውኃና ከመጸዳጃ ጋር አጣምሮ ስርጭቱን ለመቁረጥ ተነስቷል። ዓላማው ትልቅ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ያው ዘዴ ግን መድኃኒት የማይነካውን የትል ክምችት ስለሚያሳንስ፣ የሚቋቋም ትል ቢኖር የሚያሳሳው አያገኝም። መጸዳጃና ውኃ ከኪኒን ጋር አብረው መሄድ ያለባቸውም ለዚህ ነው፤ አፈር ላይ ያልወደቀ እንቁላል ጂኑ ምንም ሆነ ምን የትም አይደርስም።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ኪኒን ወስዶ ትል የተገኘበት ልጅ ሁሉ የሚቋቋም ትል አለበት ማለት አይደለም። ሌላው ከአፈር የሚተላለፍ ትል፣ ጅራፍ ትል፣ ከመጀመሪያውም ለአንድ ጊዜ አልቤንዳዞል ብዙም አይበገርም። ወስፋት ደግሞ ከጠፋ በኋላ በወራት ውስጥ ከግቢው አፈር ይመለሳል። የወስፋት ቱቡሊን ጂኖች ብዙ በመሆናቸውም የበጉን ታሪክ እንዳለ ወደ ሰው ማምጣት አይቻልም። ልዩነቱን የሚያሳየው መለካት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚለው ኪኒኑ ከተሰጠ ከ14 እስከ 21 ቀን ውስጥ ሰገራው እንደገና ታይቶ የእንቁላሉ ቁጥር ምን ያህል እንደወረደ ይሰላል። ለወስፋት የሚጠበቀው ቢያንስ 95 በመቶ መውረድ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ከእንቁላሉ ዲኤንኤ አውጥቶ እነዚያን የቱቡሊን ቦታዎች ማንበብ ተገቢ ይሆናል። የእኛ ደጋ ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ ጎን ለጎን ሲ. ኤለጋንስን ቢያረቡ ደስ ይለኛል። የሚያስፈልገው ሳህን፣ ባክቴሪያና ተራ ማይክሮስኮፕ ነው፤ የጋሞ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ጂን አካሄድን ሲለውጥ በዓይኑ ያያል።

የመጨረሻው መድኃኒት አይቨርሜክቲን ነው። ሳቶሺ ኦሙራና ዊሊያም ካምቤል በ2015 የኖቤል ሽልማት የተጋሩበት፣ በአገራችን ኦንኮሰርካ የተባለውን የትል በሽታ ለመዋጋት ለብዙ ዓመታት ሲታደል የኖረ ነው። በነርቭና በጡንቻ ላይ ግሉታሜት የሚከፍታቸውን የክሎራይድ በሮች ከፍቶ ያስቀራል፤ ትሉ ሽባ ይሆናል፣ ጉሮሮውም መዋጥ ያቆማል። በ2000 የታተመ ሥራ እንዳሳየው፣ ሲ. ኤለጋንስ ይህን መድኃኒት በከፍተኛ ደረጃ እንድትቋቋም ሦስት ጂኖች በአንድ ላይ መበላሸት አለባቸው፤ ኤቪአር-14፣ ኤቪአር-15 እና ጂኤልሲ-1። አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ቢበላሹ ጥበቃው ትንሽ ነው።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከኬንያና ከሞዛምቢክ ተቋማት ጋር የተሳተፈበት ጥናት ውጤት በ2025 መጀመሪያ ታትሟል። አልቤንዳዞልንና አይቨርሜክቲንን በአንድ ኪኒን ያጣመረው መድኃኒት ጅራፍ ትል ላይ ከአልቤንዳዞል ለብቻው እጅግ በተሻለ ሠርቷል። በሲ. ኤለጋንስ ስሌት ከሄድን፣ ከአልቤንዳዞል ለማምለጥ አንድ ጂን ይበቃል፤ ከአይቨርሜክቲን ሦስት። ከጥምሩ ኪኒን የሚያመልጥ ትል አራቱንም ለውጦች በአንድ ገላ ይዞ፣ ከዚያም የአንጀትን ግፊት ተቋቁሞ ሽቅብ መሄድ መቻል አለበት።